የነባር ቤት ለውጥ ማመልከቻ ሲቀርብላችሁ፦ አመራመሩ ደረጃ በደረጃ

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና ይደወልልኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ነባር ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ላድስ ብሎ ሰው ማመልከቻ አስገብቷል። እኔን ኮሚቴ ውስጥ ከተውኛል። የቱን እሺ፣ የቱን እምቢ ልበል?» በስልክ እየደጋገሙ ከማስረዳት አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል።

መመሪያው ለቀበሌና ለማዘጋጃ ቤት ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች ነው። የቤት ባለቤት ከሆናችሁም ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት አንብቡት። ምን እንደምትጠየቁ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። የማወራው በድንጋይና በጭቃ ወይም በእንጨትና በጭቃ ስለተሠሩ ቤቶች ነው። የብሎኬት ቤት ሌላ ጣጣ ነው።

ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። «ይታደስ» ወይም «አይታደስ» ብላችሁ በአንድ ቃል አትወስኑ። አንድ ማመልከቻ ውስጥ አምስት ስድስት ለውጥ ተጠቅልሎ ይመጣል። ፍቱትና አንድ በአንድ እዩት። ብዙውን ጊዜ የሚያጨቃጭቀው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 5 ሜትር የሚሆን የእጅ ሜትር፣ ከተገኘም ባለ 30 ሜትሩ
- ቱንቢ ከነክሩ እና ውኃ ልክ
- ባትሪ (ኮርኒስ ውስጥ ለማየት የስልክ መብራት አይበቃም)
- ካቻቢቴ፣ እንጨት መበስበሱን ለመፈተሽ
- ትንሽ ጄሶ፣ ስንጥቅ ላይ ለመለጠፍ
- ቻርጁ የሞላ ስልክ፣ ለፎቶ
- ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ። እስክርቢቶ በደጋ ብርድ እምቢ ይላል።
- ከባለቤቱ ፋይል፦ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የነባሩ ቤት ንድፍ፣ የሚጠየቀው ለውጥ ንድፍ

የነባሩ ቤት ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ባለቤቱን ለዚህ ብላችሁ አትመልሱት። በደረጃ 4 ራሳችሁ ታነሱታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የመወሰን ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አጣሩ

ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል? መጀመሪያ ይህን የወረዳውን ወይም የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከተመዘገበ ነገሩ ከእናንተ ኮሚቴ በላይ ነው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በቅርስ ላይ የጥገና ሥራ የሚሠራው አስቀድሞ ከፌዴራሉ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሲገኝ ነው። አዋጅ ቁጥር 839/2006 ደግሞ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ ይመድባል። ስለዚህ ፋይሉ ወደ ክልል ይሂድ ወይስ ወደ ፌዴራል የሚለውን እዚያው አስጽፉ።

ካልተመዘገበ ውሳኔው በግንባታ ፈቃድና በከተማው ፕላን በኩል ያልፋል። የእናንተ አስተያየት ክብደት የሚያገኘው እዚህ ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ይቀድማል? ሥልጣን የሌለው ኮሚቴ «ተፈቅዷል» ብሎ ሲፈርም ባለቤቱ ቆርቆሮና አሸዋ ይገዛል። ከወር በኋላ ሌላ መሥሪያ ቤት ሥራውን ያስቆመዋል። ገንዘቡ መና ይቀራል፣ ቤቱም ጣሪያው ተገልጦ ዝናብ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 2፦ ማመልከቻውን በታትኑት

«ቤቴን ለማደስ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግራችሁም። ባለቤቱን አስቀምጣችሁ ዘርዝሩ። የምታገኙት ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ ቆርቆሮ መቀየር፣ የውጭ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን፣ የፊት መስኮት ለሱቅ ማስፋት፣ የላሜራ በር መግጠም፣ ከጓሮ ማድ ቤትና ሽንት ቤት መጨመር፣ «ወደፊት» ደግሞ አንድ ፎቅ መጫን።

ያቺን «ወደፊት» አትለፏት። አሁን የሚጠየቀው መሠረት ወይም የሚቆመው ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ለዚያ ፎቅ የታሰበ ሊሆን ይችላል።

እያንዳንዱን ለውጥ በአንድ ገጽ ላይ ጻፉና አራት ጥያቄ ጠይቁበት፦

- ነገ ሐሳቤን ብቀይር ወደነበረበት መመለስ ይቻላል? ቀለም ይመለሳል። የፈረሰ ግድግዳ አይመለስም።
- ከመንገድ ይታያል?
- ቤቱ ላይ ክብደት ይጨምራል ወይስ ተሸካሚ ይቀንሳል?
- ውኃው በየት በኩል ይሄዳል?

ደረጃ 3፦ ቤቱን ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩ

በር ከማንኳኳታችሁ በፊት ከመንገዱ ማዶ ቁሙ። ግራና ቀኝ ያሉትን ቤቶች አብራችሁ እዩ። የጣሪያዎቹ ጠርዝ በአንድ መስመር ነው? መስኮቶቹ ቁመተ ረጅም ናቸው ወይስ ጎነ ሰፊ? አጥሩ ስንት ሜትር ነው? በረንዳው መንገዱን ያያል?

ነባር ሰፈርን ነባር የሚያሰኘው አንድ ቤት ብቻውን አይደለም። የቤቶቹ ቁመት፣ የጣሪያቸው ቁልቁለትና ከመንገዱ ያላቸው ርቀት አብሮ ነው። አንዱ ቤት ሁለት ሜትር ወደፊት ከወጣ ሰልፉ ይበላሻል፣ ቀጣዩ አመልካችም እሱን ምሳሌ አድርጎ ይመጣል።

አራቱንም ፊት ፎቶ አንሱ። ሜትሩን ዘርግታችሁ ግድግዳው ላይ አስደግፉት። ያኔ ከፎቶው ላይ ልክ ማንበብ ትችላላችሁ። እንደ አንኮበር ባለ ዳገታማ ቦታ ደግሞ ከታች በኩልም ወርዳችሁ አንሱ። ከላይ ዝቅ ብሎ የሚታይ ቤት ከታች ሲያዩት ግንብ ሊያክል ይችላል።

ደረጃ 4፦ ልክ ውሰዱ

የግድግዳውን ርዝመት፣ ቁመትና ውፍረት፣ የበርና የመስኮቱን ስፋት፣ ከማዕዘን ያላቸውን ርቀት መዝግቡ። የክፍሉን ሰያፍም ለኩ፤ ማለትም ከአንዱ ማዕዘን እስከ ትይዩው ማዕዘን። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ክፍሉ ጠማማ ነው። ጠማማ ቤት ላይ ቀጥ ያለ ንድፍ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ቤቱን አልለካም ማለት ነው። ንድፉን መልሱለት።

ቱንቢውን ከግድግዳው አናት አንጠልጥሉ። ከክሩ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩ። መሐሉ ወደ ክሩ ከቀረበ ግድግዳው ሆድ አውጥቷል። የድንጋይ ግድግዳ የውጭና የውስጥ ገጽ አለው፣ መሐሉ ጠጠርና ጭቃ ነው። ሆድ ማውጣት ሁለቱ ገጾች መላቀቅ መጀመራቸውን ያሳያል። እኔ ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ «መሐንዲስ ይየው» እላለሁ።

ስንጥቅ ካለ ጄሶ በስሱ ለጥፉበትና ቀኑን ጻፉ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ካልተሰነጠቀ ያረጀ ቁስል ነው፣ መሙላት ይበቃዋል።

ካቻቢቴውን የወራጁና የማገሩ ጫፍ ላይ ጫን አድርጉት። የጽድና የወይራ እንጨት ከላይ ጠቁሮ ውስጡ ደህና ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከውጭ አምሮ ምስጥ ውስጡን ጨርሶት ይገኛል። በዓይን ብቻ አትፍረዱ።

ደረጃ 5፦ ውኃውን ተከተሉ

ብዙ ኮሚቴ የሚዘለው ይህን ነው። ነባር ቤት በዕድሜ ብቻ አይወድቅም፣ ውኃ ይጥለዋል።

ከጣሪያው ጀምሩ። ዝናቡ በየት ይወርዳል? አሸንዳ አለ? አሸንዳው የት ይደፋል? መሬት ሲደርስ ከግድግዳው ይርቃል ወይስ ወደ መሠረቱ ይመለሳል? በዓመታት ውስጥ የግቢው አፈር ከፍ ብሎ የግድግዳውን እግር ቀብሮት ይሆናል። ይህ ከሆነ ከማንኛውም እድሳት በፊት አፈሩ ይነሣ።

አሁን ግድግዳው ሥር ተንበርከኩ። በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ካለ በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ተላቋል። ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ክፍል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው፣ ቀለሙ ያበጠ ቦታ፣ የተፈረፈረ ጠርዝ ፈልጉ። አንዱን የተላቀቀ ቁራጭ አንሥታችሁ ጀርባውን ብትነኩ ጭቃው እርጥብ ነው፣ በጥቅምት ፀሐይም ቢሆን። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ መተንፈሻውን ይደፍንበታል። ከመሬት የሚወጣውም በስንጥቅ የሚገባውም ውኃ መውጫ ያጣል። በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ላይ ደግሞ የታመቀው ውኃ ይረጋል፣ ሲረጋ ያብጣል፣ ልስኑን ከነጭቃው ገፍቶ ይጥለዋል።

በዕድሜ የገፉትን ጠይቁ። «እማማ፣ ክረምት ላይ ይቺ ጥግ ትረጥባለች እንዴ?» ስትሉ «ሲሚንቶ ካስመታኋት ወዲህ ነው እንጂ ድሮ የት ታውቅና ልጄ» የሚል መልስ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ይህንን እንዳለ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 6፦ እያንዳንዱን ለውጥ መዝኑ

ጣሪያ። ቆርቆሮ መቀየር በአብዛኛው ይፈቀዳል። የምትይዙት ቁልቁለቱንና ክፈፉን ነው፤ ማለትም ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን ጠርዝ። ሠሪው ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲል ክፈፉን ያሳጥራል። ያቺ የተቆረጠች ግማሽ ሜትር ናት ግድግዳውን ከዝናብ የምትከልለው። ቆርቆሮው 32 ጌጅ ከሆነ ስስ ነው። ለደጋ ነፋስና በረዶ 28 ጌጅ ይሻላል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። ሳር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የሚቀየር ከሆነ ጣሪያው በጣም ይቀላል። ስለዚህ ወራጁ ከግድግዳው ጋር በደንብ ይታሰር፣ አለበለዚያ ነፋስ ያነሣዋል። የበሰበሰ ወራጅ ካለ የበሰበሰው ጫፍ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ይቀጠል። ደህናውን ጽድ አውጥቶ በባሕር ዛፍ መተካት ኪሳራ ነው።

የውጭ ልስን። ሲሚንቶ አይፈቀድ። ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ አይታችኋል። በምትኩ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ቀናት የተብላላ ጭቃ ይመረግ፣ ላዩ በኖራ ይጨረስ። ለኖራ ልስን አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል። ባለቤቱ «ጭቃ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ማን ይችለዋል?» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ድካም አለው። የጭቃ ጥገና ግን በሰፈር ልጅ ይሠራል። የወደቀ ግድግዳ ጥገና በሰፈር ልጅ አይሠራም።

መስኮትና በር። ለሱቅ ሲባል የፊት መስኮት ማስፋት በጣም የተለመደ ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ጠንክሩ። ማዕዘኑ የቤቱ ጉልበት ነው፣ አዲስ ቀዳዳ ወደ ማዕዘን በቀረበ ቁጥር ይደክማል። ጉበኑ (ከቀዳዳው አናት የሚጋደመው ተሸካሚ) በሁለቱም በኩል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ካላረፈ የላዩ ድንጋይ ቁልቁል ይመጣል። አማራጭ አቅርቡ፦ ነባሩን በር የሱቅ በር ማድረግ፣ የቤተሰቡን መግቢያ በጎን ማዞር። የላሜራ በር ግድ ከሆነ ከነባሩ መቃን ውስጥ ይገጠም፣ መቃኑ አይነቀል።

ፎቅ መጫን። በጭቃ በተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አርማታ አይጫንም። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው ያለው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ንዝረትም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከባድ አናትና ደካማ ግድግዳ በንዝረት ጊዜ አይተማመኑም። ባለቤቱ ተጨማሪ ክፍል ከፈለገ ጓሮውን እዩለት።

የጓሮ ተጨማሪ ግንባታ። እዚህ ላይ ልቅ ሁኑ። ሰው ማድ ቤትና ሽንት ቤት ያስፈልገዋል፣ ካልተፈቀደለት ነባሩን ቤት ጥሎት ይሄዳል። አዲሱ ቁመቱ ከነባሩ ጣሪያ ዝቅ ይበል። በነባሩ ግድግዳ ላይ አይደገፍ፣ የራሱ ግድግዳ ይኑረው። የሁለቱ ክብደት ስለሚለያይ መሬቱ ላይ የሚሰምጡት እኩል አይደለም፣ ከተያያዙ መገናኛው ይሰነጠቃል። ጉድጓድ ሲቆፈር ከነባሩ መሠረት ጥልቀት በታች ተጠግቶ አይወረድ።

የውኃ ታንከርና ዲሽ። ከመንገድ በማይታይ በኩል፣ ታንከሩ በራሱ ማቆሚያ ላይ። ጣሪያ ላይ አይወጣም። ቀለም ብዙም አያከራክር፣ የውጩ ቀለም ብቻ የሚተነፍስ የኖራ ቅብ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ጎረቤት ስሙ

የጋራ ግድግዳ ካለ የጎረቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ ይግባ። አዲሱ ጣሪያ ዝናቡን ወደማን እንደሚደፋ ጎረቤት ባለበት አሳዩ። «ጋሼ፣ ይሄ አሸንዳ ወደ እርስዎ አጥር ቢዞር ይከፋዎታል?» ብሎ አሁን መጠየቅ በነሐሴ ከመካሰስ ይቀላል።

ደረጃ 8፦ ውሳኔውን በየነጥቡ ጻፉ

«ሥራው ጥንታዊነቱን በጠበቀ መልኩ በአግባቡ ይሠራ» ብላችሁ አትጻፉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁሉም ሰው እንደፈለገ ይተረጉመዋል። በሜትር የሚለካ ነገር ጻፉ። ናሙና፦

1. የጣሪያ ቆርቆሮ መቀየር፦ ተፈቅዷል። ቁልቁለቱና የክፈፉ ርዝመት በፎቶ ቁጥር 2 እንደሚታየው ይቆያል።
2. የውጭ ግድግዳ ልስን፦ በሲሚንቶ አልተፈቀደም። በጭቃና በኖራ ተፈቅዷል። ምክንያቱ፦ በምሥራቁ ግድግዳ እግር ላይ የታመቀ እርጥበት ታይቷል።
3. የፊት መስኮት ማስፋት፦ አልተፈቀደም። ከማዕዘኑ የሚቀረው 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አማራጭ፦ ነባሩን የፊት በር ለሱቅ መጠቀም።
4. የጓሮ ማድ ቤት፦ ከነባሩ ግድግዳ ተለይቶ፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች ሆኖ እንዲሠራ ተፈቅዷል።

እያንዳንዱ «አልተፈቀደም» ምክንያትና አማራጭ ይኑረው። ምክንያት የሌለው ክልከላ አቤቱታ ላይ አይቆምም፣ አማራጭ የሌለው ክልከላ ደግሞ በሌሊት ይጣሳል። ፎቶዎቹን ከውሳኔው ጋር አያይዙ፣ አንድ ቅጂ ለባለቤቱ ስጡ።

ደረጃ 9፦ ወቅቱን ወስኑ፣ ሥራው ላይም ተገኙ

የጣሪያ መክፈቻው ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከዚያ በኋላ በልግ አለ፣ ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ኖራ ግን ውርጭ አይወድም። ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በመንዝ የልስኑ ሥራ በጥቅምት ይለቅ፣ ካልሆነም ማታ ማታ በጆንያ ይሸፈን። ሸዋ ሮቢትና አልዩ አምባ ተቃራኒው ነው። እዚያ ልስኑ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ውኃ ይርከፈከፍበታል።

ኮሚቴው ሦስት ጊዜ ይገኝ፦ አሮጌው ልስን ሲነሣ፣ ጣሪያው ሲከፈት፣ ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ይሸፈናል፣ ብትመጡም የምታዩት ቀለም ነው።

ማስጠንቀቂያ

- አሮጌ ጣሪያ ላይ አትውጡ። ከውስጥ በባትሪ እዩ።
- ሆድ ያወጣ ግድግዳ ሥር ቆማችሁ አታውሩ። ልስን ሲነሣ ደግሞ በእንጨት ይደገፍ።
- ኮርኒስ ውስጥ የተላጠ የመብራት ሽቦ ይኖራል። ቆጣሪው ሳይዘጋ እጃችሁን አትስደዱ።
- ኖራ ዓይን ያቃጥላል። ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ያድርግ፣ ንጹሕ ውኃ አጠገቡ ይኑር።
- መሠረት ሲቆፈር የቆየ ሸክላ፣ ሳንቲም ወይም የግንብ ፍርስራሽ ከወጣ ቁፋሮው ይቁምና ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር። አዋጅ 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲታወቅ ያስገድዳል። አንኮበር ላይ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

በፎቶ ብቻ መወሰን። ፎቶ እርጥበት አያሳይም፣ ሆድ ያወጣ ግድግዳም ፊት ለፊት ሲነሣ ቀጥ ያለ ይመስላል።

አሮጌ መሳይ ነገር መፍቀድ። ብሎኬት ላይ ስስ ድንጋይ ለጥፎ «ባህላዊ ነው» ማለት ነባሩን ቤት አያድንም። አዲሱ ክፍል አዲስ መሆኑ ቢታይ ችግር የለውም፣ ቁመቱና ቦታው ልክ እስከሆነ ድረስ።

ሰውየውን አይቶ መፍረድ። ለዘመድ የተፈቀደው መስኮት ለቀጣዩ አመልካች መከራከሪያ ይሆናል፣ ያውም ትክክለኛ መከራከሪያ።

በቃል መፍቀድ። «ችግር የለም፣ ቀጥል» የተባለ ሰው የሰማው እናንተ ካላችሁት በላይ ነው።

ማዘግየት። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ባለቤቱ መልስ አጥቶ ሁለት ክረምት ከጠበቀ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወራጁ ይበሰብሳል፣ ከዚያ «ለሕይወት አስጊ ነው፣ ይፍረስ» የሚል ሌላ ማመልከቻ ይመጣል። አንዳንዱም ይህንኑ አስቦ ሆን ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ትልቁ ውሳኔ እስኪደርስ ድረስ አሸንዳ ማስተካከልን፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ መድፈንንና የግድግዳ እግር አፈር ማንሣትን ቀድማችሁ በተለየ ደብዳቤ ፍቀዱ። ደብዳቤው ላይ ባለቤቱ ይህን የሚሠራበትን ቀን አስፈርሙት። ቀኑ ሲያልፍ ሄዳችሁ እዩ።